ሰበካ ጉባኤን በብቃትና በፍቅር መምራት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ



ይህን ርእስ ስመርጥ ከባልደረቦቼ አንዱ «ብቃትና ፍቅር በአንድ አጀንዳ ይያዛሉን?» ሲል በፈገግታ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም የዛሬው ንግግሬ መነሻ እርሱ ነው። እኔ የአስተዳደር ትምህርት መምህር እንጂ የነገረ መለኮት ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም ለ9 ዓመታት በአንዲት የከተማ ዳር አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ፤ ስለ ስብሰባ አመራር ከመጻሕፍት የተማርኩትን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጠውን፣ የተማርኩት በዚያች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ነው።

የሰበካ ጉባኤን ጠባይ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ በደንብ የተደራጀው በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በቃለ ዓዋዲ ነው። ቃለ ዓዋዲ የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው፤ ሐረጉ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ይገኛል። ደንቡ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ሁለት አዋጆች ተከታተሉ፤ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት ስትተዳደርበት የኖረችው የመሬት ገቢ በዚያው ዓመት ተቋረጠ። የካህኑ ቀለብ፣ የዕጣኑና የጧፉ ወጪ፣ የጣሪያው እድሳት እያደር በምእመናኑ አስተዋጽኦ ላይ ወደቀ።

ይህ ለውጥ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ አለቃውና ገበዙ የሚያስተዳድሩት ደብር አሁን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች አሉት፤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተመረጡ። ሰብሳቢው ግን አይመረጥም፤ የአጥቢያው አስተዳዳሪ ስለሆነ ይሰበስባል። እንግዲህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ሥልጣን ተቀምጧል ማለት ነው፤ አንዱ ከላይ በሹመት የመጣ፣ ሌላው ከታች በምርጫ የወጣ። የአስተዳደር መጻሕፍቶቻችን ይህን ሁኔታ «የሥልጣን ምንጭ ድርብነት» ብለው ያልፉታል። በተግባር ግን ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው። ምእመኑ ወደ ስብሰባው ሲገባ የሰብሳቢውን መስቀል ይሳለማል። ምናልባትም ሰብሳቢው የንስሐ አባቱ ናቸው። ከደቂቃዎች በኋላ ያው ሰው ተነሥቶ «አባታችን፣ የዚህ ወር ወጪ ደረሰኝ የለውም» ሊል ይገባዋል። እንዴት ይበል?

ብዙውን ጊዜ አይልም። ዝምታውንም አክብሮት ብለን እንጠራዋለን፤ ፍቅር የምንልበት ጊዜም አለ። በእኔ ግምት በአጥቢያዎቻችን ፍቅርና ብቃት የተጣሉ የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው። ለዓመታት ያልተጠየቀ ሒሳብ አንድ ቀን ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው በቁጣ ነው።

የራሴን ጥፋት ልናገር። በጸሐፊነቴ በአራተኛው ዓመት፣ ከዓመታዊው ክብረ በዓል በኋላ፣ ከሙዳየ ምጽዋት በተቆጠረውና ወደ ባንክ በገባው ገንዘብ መካከል ከ18 ሺህ ብር በላይ ልዩነት ተገኘ። ገንዘብ ያዡ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ፤ በዚያች ደብር ከሃያ ዓመት በላይ ሳንቲም ሲቆጥሩ የኖሩ። ጉዳዩን በአጀንዳነት ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሰነዱ የተሟላ፣ ሠንጠረዡ የጠራ ነበር። ማስረጃው ቀረበ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ከኃላፊነታቸው እንዲነሡ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሁሉም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። ስወጣ በስብሰባው አካሄድ ረክቼ እንደነበር አልደብቅም። ሽማግሌው የተናገሩት «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «ተጠያቂው አጥጋቢ መልስ አልሰጡም» ብዬ ጻፍኩ።

ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ያ ስብሰባ ምን እንደጎደለው እንመልከት።

ደንቡ አልተጣሰም፤ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር። የጎደለው የንግግር ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የተናገሩት ሰብሳቢው ነበሩ፤ «ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ ያንኑ ደገመ። የአገራችን የቀድሞ ችሎት ይህን አደጋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በዙፋን ችሎት ሲፈረድ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅተኛ የሆነው ነው፤ ከዚያ በደረጃ እየወጣ ይሄዳል፤ ንጉሡ የሚናገሩት በመጨረሻ ነው። በምዕራቡ ዓለምም የቅዱስ ቤኔዲክት የገዳም ሥርዓት በሦስተኛው ምዕራፉ አበምኔቱ ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው ማኅበሩን ሁሉ ሰብስቦ እንዲያማክር፣ ታናናሾቹም ሳይቀሩ እንዲደመጡ ያዛል። ሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ ከሌላው አልተማሩም፤ ሁለቱም ግን የአለቃ ቃል ቀድሞ ከወጣ ምክር እንደሚሞት ተረድተዋል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ጉባኤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተወካይ መጀመሪያ፣ አስተዳዳሪው መጨረሻ እንዲናገሩ ተስማማን። ለአስተዳዳሪው ቀላል አልነበረም፤ ለወጣቱም እንደዚሁ።

ሌላም አለ፤ ትንሽ ቢመስልም ልጥቀሰው። ስብሰባዎቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበሩ። ከሌሊቱ ጀምሮ የቆመ፣ እህል ያልቀመሰ ሰው በሒሳብ ጉዳይ ሲነጋገር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀኑን ወደ ረቡዕ ማታ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ፣ ስናዛውር የጠቡ ግማሽ ቀረ። የሒሳብ ወረቀቱም ከሦስት ቀን በፊት ለአባላቱ እንዲደርስ ተደረገ፤ ሠንጠረዥ ማንበብ ለሚቸግራቸው እናት አንዱ አባል ቤታቸው ሄዶ ያስረዳቸው ነበር። ይህን እኔ ብቃትም ፍቅርም ብዬ ለመለየት እቸገራለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው ማዕድ ችላ ተባሉ፤ ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ ዐመፅ አልቆጠሩትም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ የሰባቱም ስሞች፣ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ፣ ግሪክኛ ናቸው። ከስሞቹ ተነሥተን ብንገምት፣ የማዕዱ አስተዳደር ቅሬታውን ላቀረበው ወገን ተሰጠ ማለት ነው። በአስተዳደር ትምህርት ይህን ያህል ድፍረት ያለው ውሳኔ ብዙ አላየሁም። ብዙ ሰብሳቢዎች ቅሬታ አቅራቢውን ያረጋጉታል፤ ቁልፉን አይሰጡትም።

በውጭ አገር በተለይም በአሜሪካ ያሉ አጥቢያዎቻችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በአገሩ ሕግ እንደ ማኅበር ይመዘገባል፤ ቦርድ አለው፤ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ቦርዱና ካህኑ ሲጣሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰባቸው ቦታዎች አሉ። ዳኛው በሃይማኖቱ ነገር ላይገባ ይችላል፤ የሚያነበው የተመዘገበውን ደንብና ቃለ ጉባኤውን ነው። ስለዚህ በጥድፊያ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ጸሐፊው ካሰበው በላይ ዕድሜና ጉልበት አለው። ይህን የምለው ጸሐፊ ስለነበርኩ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ከሰባት ወር በኋላ የሕንፃ ኮሚቴው ሒሳብ ሲመረመር የጠፋው ገንዘብ እዚያ ተገኘ፤ በሌላው የሒሳብ ቁጥር ገቢ ሆኖ። የባንኩን ቅጽ አወጣን። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነበር።

ከአስተዳዳሪው ጋር ሆነን ቤታቸው ሄድን። ከእኔ ቀድመው አስተዳዳሪው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው። ሽማግሌው ቡና አስፈልተው ተቀበሉን፤ ወደ ኃላፊነታቸው እንዲመለሱ ስንለምናቸው ግን እንቢ አሉ። «ዓይኔም ደክሟል፤ ቁልፉን ለወጣት ስጡት» አሉን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ያን የጻፍከውን ግን እኔ ከሞትኩም በኋላ ልጆቼ ያነቡታል» አሉ።

የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ስለዚህ ሌላ ቃለ ጉባኤ ያዝን። ስሕተቱ የማን እንደነበረ፣ ገንዘቡ የት እንደተገኘ፣ ቀደም ሲል የተጻፈው ቃል እውነት እንዳልነበረ በዝርዝር ጻፍኩ፤ አባላቱ ሁሉ ፈረሙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ለሕዝቡ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው በወንዶች በር በኩል በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ወደ እኔ አልመጡም፤ የሙዳየ ምጽዋቱን ቁልፍ ወደያዘው ወጣት ሄደው አጠገቡ ቆሙና ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ አብረውት ቆዩ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።