ክራር ለያዘ እጅም ደመወዝ ይገባዋል



ዛሬ የምናነሳው በበጀት ውይይታችን ላይ ብዙ ያከራከረንን ጉዳይ ነው። ከወጣቶች ሥልጠና ገንዘብ ላይ ለልብስ ስፌትና ለምግብ ዝግጅት ሲመደብ ማንም አልተቃወመም። ለሙዚቃ ሲባል ግን «ሥራ ላጣ ልጅ ክራር ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። የእናት ጥያቄ ነውና ሊናቅ አይገባም። ሒሳቡን የያዝነው ሴቶችም ከወጪና ከገቢ አንጻር መልስ ፈልገንለታል።

በአገራችን ሙዚቃ ለችግረኛ ልጅ እንጀራ ሆኖ ያውቃል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው 40ውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መኖሪያ ተሰጣቸው፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ አስተማሪ ተመደበላቸው፤ ደመወዝም ተቆረጠላቸው። መሣሪያ ብቻ ሰጥቶ «በርቱ» ማለት ቢሆን ኖሮ ሙያው እንጀራ ባልሆናቸው ነበር።

የእኛም በጀት መታየት ያለበት በዚህ መንገድ ነው። ክራርና ማሲንቆ እዚሁ አገር ከእንጨትና ከቆዳ የሚሠሩ ናቸው፤ የማሲንቆው ጅማትም የፈረስ ጭራ ነው። ስንገዛቸው ገንዘቡ ለአገር ባለሙያ ይደርሳል፤ መሥራትና መጠገኑንም ወጣቱ ሊማረው ይችላል። በመድረክ መጫወት የማይሆንለት ልጅ ድምፅ መቅዳትን ወይም የመድረክ ዝግጅትን ይማራል። የሙዚቃ ሥራ ከዘፋኙ ኋላ ብዙ እጅ ይፈልጋል።

ልጆቹን ከትምህርቱ የሚያስቀራቸው በአብዛኛው የተሰጥኦ ማነስ አይደለም። የታክሲ ሳንቲም ማጣት ነው፤ ባዶ ሆድ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ውኃ መቅዳቱ፣ ታናናሾቿን መያዙና ማታ ወደ ቤት የምትመለስበት መንገድ ይጨመራል። እነዚህ በበጀታችን ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብለው ከታች የሚጻፉ አይደሉም፤ የሥልጠናው ዋና ወጪ ናቸው።

ሌላም አለ። ልጆቹ ቅኝት ሲማሩ ውልም ይማሩ። ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ፣ ስንት ብር እንደሚከፈላቸው፣ መቼ እንደሚከፈላቸውና ቅጂው የማን እንደሚሆን ከመድረክ በፊት በጽሑፍ ይያዝ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሙዚቃ ደራሲም ለተጫዋችም መብት ሰጥቷል። መብቱን የማያውቅ ወጣት ግን በጭብጨባና በአንድ ሳህን ምግብ ተሸኝቶ ይመለሳል። ደረሰኝ መቁረጥን፣ ገቢን መመዝገብንና ቁጠባን ለማስተማር እኛ የሒሳብ ባለሙያዎቹ ዝግጁ ነን።

እናቶች ሆይ፣ ለሴቶች ልጆቻችን በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንፍቀድላቸው። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለን አናሸማቃቸው፤ አዝማሪነትም በላብ የሚበላበት ሙያ ነው። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ መሣሪያ መስጠታችሁ መልካም ነው፤ ከመሣሪያው ጋር የአስተማሪውን ወርኃዊ ክፍያና የልጆቹን መጓጓዣም አስቡልን። እኛም ስንት ልጅ መጣ ከማለት አልፈን፣ ስንቱ በሙያው ተከፍሎት ወደ ቤቱ እንደገባ መዝግበን በየጊዜው እናቀርብላችኋለን።