የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርትና የስሕተት ጥቅም



ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ባለእጆችን ከአገር ልጆች ጋር አሰልፈው ትልቅ መድፍ እንዲሠራ ባዘዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ ነበር። ሥራው እንደገና ተጀምሮ፣ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ጥበብ ወደ ሰው እጅ የሚገባው ሠርቶ፣ ተሳስቶና አርሞ እንጂ የሌላውን ሥራ ቆሞ በመመልከት አይደለም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍም የዚሁ ዓይነት ጥበብ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር፣ የገጠሩ ተማሪ ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር። ሆኖም በመስተዋቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚናገረው መምህር፣ ያልገባውን ተማሪ አይቶ አይቆምለትም፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እንደሚታየው፣ ዛሬ የፕሮግራም ትምህርት በኢንተርኔት ይገኛል። ተማሪው ተመልካች ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን መሣሪያው ይለወጣል እንጂ ችግሩ ያው ነው።

ስለዚህ መልመጃው ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ቢነሣ ይመረጣል። ለምሳሌ፣ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲጽፍ ይታዘዝ። ከውጭ አገር መጽሐፍ የለመደው ደንብ በአብዛኛው ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ዓመት ስለሚመርጥ፣ በመጀመሪያ «ቀሪው 0 ከሆነ» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩም 2016ን ያወጣለታል። ተማሪው ግን ጳጉሜን 6 የዋለችው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ነበር ያስታውሳል። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። መሣሪያው የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ነው። «ቀሪው 3 ከሆነ» ብሎ ሲያርመው ሒሳቡ ይገጥማል። ይህም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለምን ለ4 አካፍለው፣ 3 ሲቀር ዘመነ ሉቃስ የሚሉት ነው። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ላደገ ልጅ፣ ይህ ስሌት ባዕድ አይሆንበትም።

የቋንቋውም ሸክም በመጠኑ ሊቀል ይችላል። የፓይተን ሦስተኛው እትም ከወጣበት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የትእዛዝ ቃላቱ እንግሊዝኛ እንደ ሆኑ ቢቀሩም፣ «ዓመት»፣ «ቀሪ» የመሳሰሉትን ስያሜዎች በግዕዝ ፊደል መጻፍ ተችሏል።

ኮምፒዩተር በማይበቃበት ክፍል ሦስት ተማሪዎች በአንድ መሣሪያ ይሥሩ፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ያንብብ፣ አንዱም ውጤቱን አስቀድሞ ይገምት። መብራት ሲጠፋ ግምቱ በወረቀት ላይ ይቀጥላል፤ መብራቱ ሲመለስ መሣሪያው ይፈርዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የመምህሩ ብያኔ ነው። ስሕተቱን የስንፍና ምልክት አድርጎ የወሰደ ተማሪ ትምህርቱን ይተዋል፤ ችሎታ የለኝም ብሎም ይደመድማል። ስለሆነም ማርክ ሲሰጥ ለመጨረሻው ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ስሕተቱን ላገኘበትና ላረመበት መንገድ ጭምር ይሁን። የጋፋት ባለእጆች በመጀመሪያው ሙከራ ቢመዘኑ ኖሮ፣ ሴባስቶፖል ከጋፋት ባልወጣ ነበር።