ማሽኑ ምን አለ?
(በነቀምቴ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው የትምህርት ወቅት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሙሉ ማታ አስጨነቀችን። ሥራዋ የአርባ ተማሪዎችን ውጤት ደምሮ አማካዩን ማውጣት ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ትክክለኛውን ትሰጠናለች፤ ሌላ ጊዜ ከመቶ የሚበልጥ አማካይ ታወጣለች። እኛም በአንዱ መስኮት ጽሑፉን እየለወጥን፣ በሌላው እያስኬድን፣ በግምት እየደመርንና እየቀነስን አመሸን። በማግስቱ መምህራችን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማሽኑ ምን አላችሁ?» መልስ አልነበረንም። የለወጥነውን አላስታወስንም፤ ማሽኑ የተናገረውም መስኮቱን ስንዘጋ አብሮ ጠፍቷል። የዛሬው ንግግራችን ከዚያች ጥያቄ የተነሣ ነው።

የፕሮግራም ተማሪ በሦስት መሣሪያዎች ይሠራል። በኤዲተር ይጽፋል። በተርሚናል መስኮት ውስጥ፣ ሼል በሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ አማካይነት፣ የጻፈውን ያስኬዳል። ዲበገር በሚባለው ስሕተት መፈለጊያ ደግሞ ፕሮግራሙን በመካከል አቁሞ ሆዱን ይመረምራል። ሦስቱ በየቤታቸው ሲቀመጡ ተማሪው መልእክተኛ ሆኖ ሲመላለስ ይውላል። እኛ የምንለው ሦስቱን በኤዲተሩ ቤት እናስቀምጣቸው ነው።

ሐሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። ሪቻርድ ስታልማን ጂኤንዩ ኢማክስን እ.ኤ.አ. በ1985፣ ጂዲቢ የተባለውንም ዲበገር በ1986 ለሕዝብ አቅርቧል። ቪም ተርሚናልን በውስጡ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.1 እትሙ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም ሦስቱን በአንድ መስኮት ያሳያል። ኢማክስና ቪም አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ለዕለት ሥራቸው ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ይህም መስመር በሚቋረጥበት ቀን ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኢማክስ ውስጥ አልትና ኤክስ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነን «ሼል» ብለን ብናዝ፣ ኤዲተሩ ሼሉን እንደ ልጁ አስነሥቶ ንግግሩን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይጽፍልናል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የሚናገረው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቃል እንፈልግበታለን፣ እንቀዳዋለን፣ በፋይል እናኖረዋለን። ኮምፓይለሩ «በዚህ ፋይል፣ በዚህ መስመር ስሕተት አለ» ሲል ደግሞ ኤዲተሩ በአንድ ትእዛዝ እዚያው መስመር ላይ ያደርሰናል። ዲበገሩ ፕሮግራሙን ባቆመ ቁጥር የቆመበት መስመር በጽሑፋችን ላይ ምልክት ይደረግበታል።

ያችን ፕሮግራም በዚህ ዓይነት እንደገና ብናያት ምሥጢሯ ለመገለጥ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። አርባው ውጤት ከዜሮ እስከ 39 ተቈጥሮ ተቀምጧል። በመደመሪያው መስመር ላይ ማቆሚያ አድርገን ቈጣሪውን ተከተልነው፤ 39 ላይ መቆም ሲገባው 40 ሆኖም ደመረ። ከድርድሩ ውጭ ያለውንና የማናውቀውን ቁጥር ነበር የሚጨምረው። እዚያ ዜሮ በተገኘ ጊዜ መልሱ ትክክል ይሆናል፤ ሌላ በተገኘ ጊዜ ይበላሻል። ግምታችን ሙሉ ማታ ያላገኘውን ዓይናችን አገኘው።

ሌላም ጥቅም አለ። በዚችው ከተማ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ አስቴር ጋኖ እየረዳቻቸው የተረጐሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ኦሮምኛን በቁቤ፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል እንጽፋለን፤ ስለዚህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱ ፊደሎች ይገናኛሉ። ተርሚናል ግን ለየፊደሉ እኩል ጠባብ ክፍል ስለሚሰጥ፣ እንደ «ጬ» እና «ሟ» ያሉት ሰፋፊ ፊደሎቻችን ተጨናንቀው ወይም ተደራርበው ይታያሉ። በራሱ መስኮት በተከፈተው ኢማክስ ውስጥ ሼሉ ተራ ገጽ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ስፋቱ ይቀመጣል።

ጕድለቱንም አንሸሽግም። ኤዲተሩ ሲዘጋ በውስጡ የነበረው ሼል አብሮ ይዘጋል። መብራት ቢጠፋ በፋይል ያላኖርነው ንግግር የለም። መላውን ገጽ እየሣሉ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በዚህ ተራ ሼል አይስማሙም፤ እነርሱን በኢማክስ ውስጥ በሚገኘው ሌላ ተርሚናል ማስኬድ ይሻላል። ትእዛዞቹንም ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ወዳጃችን «ይህን ሁሉ ከማጥናት በሦስት መስኮት መመላለስ ይቀላል» ብሎናል። ለአንድ ቀን ሥራ እውነቱን ነው፤ ለአራት ዓመት ትምህርት ግን አይደለም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከሁሉ የሚብሰው ጕዳት ጊዜ ማባከኑ አይደለም። ስሕተታችንን ሳናይ በግምት ስናልፈው፣ ፕሮግራሙ ሠርቶ እኛ ሳንማር መቅረታችን ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። ተማሪ እርዳታ ሲጠይቅ የማሽኑን ቃል በፋይል ይዞ ይምጣ። መምህራንም የተሠራውን ፕሮግራም ሲቀበሉ ስሕተቱ የተፈለገበትን ገጽ አብረው ይጠይቁልን። ያን ጊዜ «ማሽኑ ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ አንገታችንን አንደፋም።