ስለሚጣደፍ ፍሬቻ
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም፤ ስለ መኪና ፍሬቻ ነው። «ይህ ሽማግሌ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዳሩ ግን ከመካከላችን ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ የሚነዳ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ለቀብር ወደ ገጠር ስንወጣም የምንሳፈረው በእነዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት ከማንኩሳ በኩል ከቀብር ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ዝናብም ይጥላል። ሾፌራችን የአባላችን ልጅ ነው። ወደ ግራ ሊታጠፍ ፍሬቻ ቢያበራ መብራቱ እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገበ። ከኋላችን የነበረ የጭነት መኪና ሊቀድመን በግራ በኩል ወጣ፤ ልጁም መሪውን መልሶ ያዘውና ለጥቂት ተረፍን። የጭነት መኪናው ሾፌር ቆሞ ወረደና «የተበላሸ ሽቦ የሚነካካ መሰለኝ እንጂ ትታጠፋለህ አላልኩም» አለ። በውስጡ የነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ያን ማታ እድሩ ስንት ድንኳን ይተክል እንደነበር አስቡት።

ልጁን ብጠይቀው ከሳምንት በፊት የፍሬቻውን አምፖሎች በኤልኢዲ ለውጧቸዋል። «ደማቅ ነው፣ ባትሪ አይበላም፣ ቶሎ አይቃጠልም ብለውኝ ነው» አለኝ። አልዋሹትም። ይህ ዓይነት መብራት አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀይ የሚያበራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ተሠርቷል። ሰማያዊውን የሠሩት ሦስት ሊቃውንት ደግሞ በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ነጩ መብራት የተገኘው በዚያ ምክንያት ነውና። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ዕድሜዬ ያለቀው መዝገብ በመጻፍ ነው። ስለዚህ ከልጁ ጋር ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ሄጄ፣ የሚለውን በደብተሬ ጻፍኩ፤ ያልገባኝንም ደጋግሜ ጠየቅሁ።

ፍሬቻን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። እንደ እድራችን ገንዘብ ያዥ ቁጠሩት። በሚኒባሱ ላይ የፊቱና የኋላው አምፖል እያንዳንዳቸው 21 ዋት ናቸው፤ ሁለቱ 42 ዋት። ይህ በ12 ቮልት ባትሪ ሲካፈል 3 ነጥብ 5 አምፔር ይሆናል። ሪሌው ይህንን መዋጮ ይጠብቃል። አንዱ አምፖል ቢቃጠል መዋጮው በግማሽ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ሪሌው «አንድ ሰው ቀርቷል» ብሎ ጡሩንባውን ቶሎ ቶሎ ይነፋል። እንዲህ የተደረገው ሾፌሩ እንዲያውቅ ነው። ኤልኢዲዎቹ ግን ሁለቱም መጥተው ሳለ የሚከፍሉት ሁለት ሦስት ዋት ብቻ ነው፤ ገንዘብ ያዡም አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። በድሮው ሪሌ ውስጥ ደግሞ ሲሞቅ የሚታጠፍ የብረት ቅጠል ስላለ፣ በኤልኢዲ አልሞቅ ብሎ ጨርሶ ሳያብለጨልጭ በርቶ ሊቀር ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የሚሻለው ሪሌውን መለወጥ ነው። ዋት የማይቆጥር፣ በራሱ ሰዓት የሚሠራ የኤልኢዲ ሪሌ አለ። አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድና ባለ ስንት እግር እንደሆነ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በእግሮቹ ላይ ቢ ማለት ከባትሪ፣ ኤል ማለት ወደ መብራት፣ ኢ ማለት ማሳ ነው። እግሩ ቢመሳሰልም ቦታው ሊዘዋወር ስለሚችል ፊደሉን ሳያነቡ መሰካት አይገባም። በአንዳንድ አዲስ መኪና ላይ ግን ሥራው በኮምፒዩተር ስለሆነ የሚለወጥ ሪሌ አይገኝም።

ሁለተኛው ሬዚስተር መጨመር ነው። ለ12 ቮልት 6 ኦም፣ 50 ዋት የተጻፈበት ነው፤ አንዱ ጫፍ ከፍሬቻው ሽቦ፣ ሌላው ከማሳ ይያያዛል። 12 ጊዜ 12 ለ6 ሲካፈል 24 ዋት ነው፤ የጎደለውን መዋጮ ይሞላል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ገንዘብ እሳት ውስጥ እንደሚጣል ነው፤ ሁሉም ሙቀት ይሆናል። መኪና ተበላሽቶ አራቱ ፍሬቻ ብዙ ጊዜ በርቶ ከቆየ እጅ አያስነካም። ስለዚህ በላሜራ ላይ በብሎን ይታሰር እንጂ ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጋር በፕላስተር አይጠቅለል። ደግሞ የባጃጅ ልጆች የገዙትን ወስዶ 24 ቮልት በሆነው አይሱዙ ላይ ማሰር አደጋ ነው፤ ሒሳቡን ሥሩት፣ 96 ዋት ይመጣል፤ ዕቃው የሚችለው 50 ነው። በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ላይ ደግሞ አምፖሉ ከ21 ዋት ሊያንስ ስለሚችል፣ ቂጡ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማየት ነው።

ከተገጠመ በኋላ አንዱ ኤልኢዲ አልበራ ቢል ገልብጦ መሰካት ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል። ብርቱካናማ በሆነ መስታወት ውስጥም ብርቱካናማ ኤልኢዲ እንጂ ነጩን አታስገቡ፤ ቀለሙ ይገረጣል።

ልጁ ሪሌውን ለወጠ። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ እንዲበራ ነው የሚፈቀደው። በእጅ ሰዓቴ ብቆጥረው 84 ሆነ። አንድ ነገር ግን ቀረበት፤ አዲሱ ሪሌ ዋት ስለማይቆጥር አምፖል ቢሞት አይናገርም። ስለዚህ ጧት ጧት ከመውጣቱ በፊት አራቱንም አብርቶ ይወርድና መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። እንደ ፍሬን መብራት ፔዳል የሚረግጥለት ሰው አያስፈልገውም፤ ብቻውን ይበቃል።