የጎረቤት ሐቅና አደራ የተሰጠን ልጅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ይህ ከዒሻ ሶላት በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው በመታሰቢያ መጽሔቱ እንዲወጣ ስለጠየቀኝ ጥቂት አቃንቼ አቅርቤዋለሁ።

ስለ ጎረቤት ሐቅ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ፈተናው በራሴ ቤት ሲመጣ ወደቅሁ። የምኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከበላያችን የሚኖረው ቤተሰብ ኦቲዝም ያለበት የስምንት ዓመት ልጅ አለው። ልጁ ከፈጅር በፊት ተነሥቶ ይዘላል፣ ይጮኻል። አንድ ሌሊት ትዕግሥቴ አልቆ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደብሁ። ሲነጋም ወጥቼ፣ «ልጃችሁን ሥርዓት አስይዙት እንጂ!» አልኋቸው።

እናቲቱ አልተቆጣችም። «ኡስታዝ፣ ልጄን ድምፅ ያመዋል» አለችኝ። «ከአዛኑ በፊት ማጉያው ሲከፈትና ሲያፏጭ ጆሮውን ይዞ መዝለል ይጀምራል። እናንተን እንዳይረብሽ አባቱ ደረጃው ላይ አቅፎት የሚያነጋበት ሌሊት ብዙ ነው።» አባትየው ከጀመዓችን ለምን እንደራቀ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጁን ይዞ ሲመጣ እንገላምጠዋለን፤ ትቶት ሲመጣ እናቲቱ ብቻዋን ትቀራለች። ያስቆጣኝ ድምፅ መነሻው የእኛው ማጉያ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ኦቲዝም የብልግና ውጤት ወይም የወላጅ ጥፋት አይደለም። ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ለእኛ ቀላል የሆነው ድምፅ ወይም ብርሃን ያስጨንቃቸዋል፤ የለመዱት ነገር ሲለወጥም ይረበሻሉ። መዝለሉና መጮኹ ብዙ ጊዜ ጭንቀታቸውን የሚያስታግሱበት ወይም ሕመማቸውን የሚናገሩበት መንገድ ነው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ልጃቸውን በማሳደግ ካዩት ችግር ተነሥተው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሥርተዋል። ስለዚህ «ጂን ነው» ብሎ ልጅን መደበቅ አይገባም። ዱዓችንን እናድርግ፤ ወደ ሐኪምና ወደ ባለሙያም እንውሰድ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ የቅርቡንም የሩቁንም ጎረቤት በመልካም እንድንይዝ አዞናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ሶላት ላይ ሳሉ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ፣ ለእናቲቱ ጭንቀት አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። እርሳቸው ለሕፃን ልቅሶ ሶላት ካሳጠሩ፣ እኛ ለአንድ ልጅ ጩኸት ፊታችንን እንዴት እናጠቁራለን?

ነገር ግን ሐቁ የሁለቱም ወገን ነው። ከታች ያለው ሰው ሌሊት ሠርቶ የገባ ወይም የታመመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለወላጆች የምመክረው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ቅሬታ ሳይመጣ ቀድማችሁ ለጎረቤት ንገሩ። «ልጃችን እንዲህ ነው፤ ሲብስባችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልን» በሉ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው መታገሥ ይቀለዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁ የሚዘልበት ቦታ ላይ ወፍራም ምንጣፍና ስፖንጅ አንጥፉ፤ በወንበር እግር ላይ ጨርቅ እሰሩ፤ አልጋውን ከጎረቤት ግድግዳ አርቁ። ይህ ጩኸቱን ባያስቀርም በወለሉ የሚያልፈውን ኳኳታ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ቀን ሜዳ ወስዳችሁ አሯሩጡት። የሚረበሽበትን ሰዓትና መነሻውን መዝግቡ። ረመዷን ሲገባ የቤቱ ሰዓት ስለሚለወጥ አስቀድማችሁ በሥዕል እያሳያችሁ አለማምዱት። ዝም ለማሰኘት ብላችሁ ግን አትምቱት፣ አትሰሩት፣ አትቆልፉበት፤ ሐኪም ያላዘዘውን የእንቅልፍ መድኃኒትም አትስጡት።

እናንተ ጎረቤቶች ደግሞ፣ ግድግዳ ከመደብደባችሁ በፊት በሩን በሰላምታ አንኳኩ። «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉዳዩን ወደ ሕንጻው ኮሚቴ ብትወስዱም የልጁን ነገር በስብሰባ መካከል መዘባበቻ አታድርጉት። የምትችሉ ለአንድ ሰዓት ልጁን ጠብቁላቸውና እናቲቱ ትረፍ። ይህ ሰደቃ ነው።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ የመስጂዱ ኮሚቴ ወደ ሕንጻው የዞረውን ማጉያ አቅጣጫ አስቀየረ፤ በንጋት «ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያሉ መሞከርም ቀረ። አዛናችን አልተጓደለም። ልጁ አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይዘላል፤ እኔም እነቃለሁ። ከነቃሁ ግን ሁለት ረከዓ ሰግጄ ለአባትና ለእናቱ ዱዓ አደርጋለሁ። መጥረጊያው ወደ ቦታው ተመልሷል። አባትየውም ልጁን ይዞ ጁሙዓ ይመጣል፤ በሩ አጠገብ፣ ከጫማ መደርደሪያው ጎን ቦታ ለይተንላቸዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጁሙዓ ዕለት ከኋላ ድምፅ ብትሰማ ዞረህ አትገላምጥ። ያ ልጅ የእኛም አደራ ነውና። አላህ ለወላጆች ሶብሩን፣ ለጎረቤቶች እዝነቱን ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።