የበረራ ትምህርት ቤት ምርጫ፦ ከክፍያ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች



ቢላ የሚኖረው ወንድሜ አንድ ማለዳ ስልክ ደወለልኝ። ልጁ አብራሪ ለመሆን ቆርጧል፤ ከባሕር ማዶ የበረራ ትምህርት ቤትም የመቀበያ ደብዳቤ መጥቶለታል። አባት የዓመቱን ቡናና በሬዎቹን ሸጦ ቅድመ ክፍያውን ሊልክ ነው። ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር እንዲያጣራ ለመንሁት።

አንደኛ፣ ፈቃዱን ማን ይሰጣል? ከትምህርት ቤቱ የሚገኘው የምስክር ወረቀት ነው፤ የአብራሪነት ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። በውጭ የተገኘ ፈቃድ በአገራችን የሚሠራውም የእኛው ባለሥልጣን ሲቀበለው ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍያው ስንት የበረራ ሰዓት ይሸፍናል? በዓለም አቀፉ መሥፈርት ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ ዝቅተኛው 200 ሰዓት፣ በጸደቀ የተቀናጀ ሥልጠና ደግሞ 150 ሰዓት ነው። አውሮፕላንና አስተማሪ ያነሰው ትምህርት ቤት ተማሪውን ወራት ያስጠብቃል፤ የቤት ኪራይና ቀለብ ግን አይጠብቁም።

ሦስተኛ፣ የልጁ ጤና ለሙያው ይፈቅዳል ወይ? ለንግድ አብራሪ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ ግዴታ ነው፤ ምርመራው ልብን፣ ጆሮን፣ ዓይንን፣ ቀለም መለየትንም ይመለከታል። በቁጥር ሦስተኛ ይሁን እንጂ በተግባር ይህ ይቀድማል።

ወንድሜ ልጁን ለምርመራ አዲስ አበባ ላከው። በቀለም ምርመራው አላለፈም። ልጁ አለቀሰ፤ በሬዎቹ ግን ከበረታቸው አልወጡም። ዛሬ ነቀምቴ ምሕንድስና ይማራል።

እንግዲህ ከማስታወቂያው በፊት መልሶቹን በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ ለመመለስ የሚያመነታ ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።