እሬት ሲታመም ሥሩን እንይ

እናቶችና አባቶች፣

በመማሪያው ጎጆ ውስጥ ያለውን እሬት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰጡን ያረፍንበት ቤት እናት ናቸው። በዘይት ጣሳ ተከልነው። እንዳይጠማው ብለን ጠዋት ማታ ውኃ እናጠጣው ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ለሰለሰ። «ጠምቶታል» አልንና ውኃ ጨመርን። ባሰበት።

እናታችን መጥተው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ጥም አይደለም፤ ጥጋብ ነው። እስቲ ንቀሉት» አሉን። ነቀልነው። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፤ ይሸታል። ጣሳው ከታች ቀዳዳ ስላልነበረው ውኃው ተኝቶበታል።

እሬት ውኃውን የሚያስቀምጠው በወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲሳሳና ሲጨማደድ ጠምቶታል ማለት ነው። ቢጫ ሆኖ ሲለሰልስና ሲበሰብስ ግን ውኃ በዝቶበታል።

ታዲያ ምን አደረግን? የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ቢላ ቆረጥን። የተቆረጠው እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ቦታ አኖርነው። ጣሳውን ከታች በምስማር በሳነው። አፈሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን እንደገና ተከልነው። አንድ ሳምንት ያህል ውኃ ከለከልነው። ከዚያ ወዲህ የምናጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። አሁን አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ልቡ ድረስ የበሰበሰ እሬት ግን አይድንም። ከጎኑ የበቀሉትን ጤነኛ ልጆች ነጥሎ መትከል ይሻላል።

እኛ ፊደል ልናስተምር መጣን፤ ይህን ግን ከእናንተ ተማርን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ትሉ የለ? በሽታውን ሳናውቅ መድኃኒት አንስጥ።